የእናቴ ቋጠሮ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አያቴ ቶራ ክፉ ሴት ነበረች። በወጉ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ አልልም። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እስካሁን ያልበረደልኝ ከእንግዲህ ይበርዳል ብዬ አልጠብቅም። ሰዎች "ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዘመኑ ነው" ይሉኛል። ዘመኑ ምን አጠፋ? በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሰፈር፣ ሴት የልጅ ልጆቻቸውን በጀርባቸው አዝለው ሲዞሩ የሚውሉ አያቶች ነበሩ።

ስሜ ቶሜ ነው፤ "ይቁም" ማለት ነው። ያወጣችልኝ እሷ ናት። ከእኔ በፊት ኖቡዬና ኪዮ ተወልደው ነበር። ሦስተኛዋም ሴት ሆና ስትመጣ አያቴ ደጃፉ ላይ ቆማ "በቃ፣ ይሄ ነገር እዚህ ላይ ይቁም" አለች፤ አባቴም ሄዶ እንደተባለው አስመዘገበ። ትምህርት ቤት አስተማሪው ስሜን በጠራ ቁጥር ልጆቹ እየሮጡም ቢሆን ባሉበት ቀጥ ይሉ ነበር። እነሱ ይስቃሉ፣ እኔ ድንጋይ አነሳለሁ።

ግን ላወራ የተነሳሁት ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ እናቴ ስለ ሃትሱኖ ነው።

በእኛ ከተማ ወንዙ ሰፊ ነው፣ ነፋሱም አያርፍም፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ የሚተዳደረው በጨርቅ ዓሣ ነው። ወንድ ልጅ የተወለደለት ቤት፣ በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን፣ ግቢው ውስጥ ረጅም ዘንግ አቁሞ ዓሣውን ይሰቅላል። ነፋስ በአፉ ገብቶ በጅራቱ ሲወጣ ዓሣው ሆዱን ነፍቶ ሰማይ ላይ ይዋኛል፣ ከታች ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። የዓሣ ሥራው ባለቤት የአቶ ሞሪዋኪ ወንዶች አቡጀዲውን መሬት ላይ ዘርግተው ቅርፊቱንና ዓይኑን በብሩሽ ይስላሉ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ጨርቁ ተጠቅልሎ ወደ ሴቶቹ ይመጣል። ወይዘሮ ኩሜ ጎረቤታችን ሆዱን ትገጥማለች፣ ሌላዋ ክንፍ ትቀጥላለች። አፉን የምትሰፋው እናቴ ናት።

አፍ ቀልድ አይደለም። ጨርቁን ሦስት ጊዜ አጥፈሽ በእጥፋቱ ውስጥ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ክብ አድርገሽ ታስገቢያለሽ፤ ነፋሱ በሙሉ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ከጠበበ ዓሣው እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከሰፋ ነፋስ ይጠግብና ከጉንጩ ይቀደዳል። እናቴ በሜትር አትለካም፤ ክንዷን እስከ ክርኗ ታስገባና ታዞረዋለች፣ ያ ነው ልኩ። ስትጨርስ ክሩን በሰም ታሽና ሁለት ጊዜ በቀለበቱ ታሾልከዋለች፤ በምላሷ ታረጥብና ትስበዋለች፤ ቋጠሮውን እጥፋቱ ውስጥ ትቀብረዋለች። የእሷ ቋጠሮ ተፈታ የሚባል ነገር ተሰምቶ አያውቅም። የዓሣ ቋጠሮ የልጁ ዕድሜ ነው ይባላል፤ ተዝረክርኮ የተቋጠረ ዓሣ ማንም ቤቱ አያስገባም።

አንድ ስፌት ብቻ አለ የማይቋጠር። ሰው ሲሞት የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው መግነዙን ይሰፋሉ። ጨርቁ በእጅ ይቀደዳል እንጂ መቀስ አይነካውም፤ ክሩም ጫፉ ላይ ሳይቋጠር ይለቀቃል፤ ሟች ከቤቱ ጋር ታስሮ እንዳይቀር ነው። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ መርፌ ስትይዝ መጀመሪያ የሚነገራት ይኸው ነው፤ ለሚኖር ቋጥሪ፣ ለሚሄድ አትቋጥሪ።

እንግዲህ ስንት ሺህ አፍ የሰፋችው እናቴ በገዛ ግቢዋ አንድ ዓሣ ተሰቅሎ አላየችም። ዘንግ ጠፍቶ አይደለም። አያቴ አባቴን ስትወልድ ባሏ የቆረጠው የጽድ ዘንግ ከጎተራው ጥግ ተጋድሟል። የልጅ ልጅ እስኪመጣ ይጠብቃል ተብሎ! እኛ ሦስታችን ጎተራው ጎን ቁጢጥ ብለን ስንጫወት ዘንጉ የልጅ ልጅ ይጠብቃል። በየዓመቱ አራተኛው ወር ሲገባ አያቴ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ትወርድና ዘንጉን ትወለውለዋለች፤ እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ አፍ ስትሰፋ።

"አይ አንተ ዘንግ" ትለዋለች፣ "ሳትቆም ልትበሰብስ ነው። የማን እግር እንደረገጠን እንጃ።"

ለዘንጉ ነው የምትናገረው። እናቴ ቀና አትልም።

አንድ ቀን ኪዮ ከትምህርት ቤት መጥታ "አያቴ፣ መንግሥት እኮ ከጦርነቱ ወዲህ የልጆች ሁሉ በዓል ነው ብሏል፤ የወንድ ብቻ አይደለም፣ አስተማሪያችን ነገረን" አለቻት።

"መንግሥት ዘንግ ቆርጦ ያውቃል?" አለች አያቴ። "ይቁረጥና ለሴቶቹ ይስቀልላቸው።"

አባቴስ? አባቴ ዮሺዞ ሾርባውን ይጠጣል። ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው አባቴን አላየም። እናቴ ስትሰደብ ሾርባ፣ እኛ ስንሰደብ ሾርባ። ሰውዬው መጥፎ አልነበረም ይሉኛል እህቶቼ። መጥፎ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከመጥፎ ሰው ጋር ቢያንስ ትጣያለሽ።

አሥር ዓመት ሲሆነኝ የአባቴ ታናሽ ወንድም ጌንጂሮ ወንድ ልጅ ወለደ። ጌንጂሮ ከወንዙ ማዶ ሲሚንቶ ይሸጣል፤ የራሱ ቤት አለው፣ የራሱ ግቢ አለው። አያቴ ግን ራት ላይ ዱላዋን ሰሌኑ ላይ አስቀምጣ እንዲህ አለች፤

"የኢሳሙ ዓሣ እዚህ ነው የሚሰቀለው፣ በዚህ ዘንግ። ጥቁር ይሁን፣ አምስት ሜትር። ሃትሱኖ ትሰፋዋለች።"

ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መተርጎም አላስፈለገም። የቤቱ ዘንግ ላይ ዓሣ የተሰቀለለት ልጅ ቤቱም የእሱ ነው። እኛ ሦስታችን አድገን ለየሰዉ ቤት እንሄዳለን፣ ኢሳሙ መጥቶ የእናቴን ቤት ይረከባል፣ እናቴም ስታረጅ የጌንጂሮ ሚስት የምትሰጣትን ትበላለች። አሥራ አምስት ዓመት የሞላት ኖቡዬ ጎድጓዳ ሳህኗን አስቀመጠች። አባቴ ሾርባውን ጠጣ።

"እሺ፣ እማማ" አለች እናቴ።

እሺ! ያቺን "እሺ" እስከዛሬ አልረሳትም። ደሜ ፈላ። በማግስቱ እናቴ ያንን ጥቁር ጨርቅ ጭኗ ላይ ዘርግታ ስትቀመጥ ኖቡዬ ፊት ለፊቷ ቆመች።

"እምቢ ማለት አፍሽ ላይ አይመጣም? እኛን የሚያስወጣን ዓሣ እኮ ነው የምትሰፊው!"

"ሕፃኑ ምን አደረገ?" አለች እናቴ።

"እኛስ ምን አደረግን?"

እናቴ ክሩን በሰም ማሸት ጀመረች። እኔ ከጎን ሆኜ "እማ፣ ዝም ብለሽ ስፊውና ጫፉን ሳትቋጥሪ ተይው" አልኳት። በጥፊ አለችኝ። በዕድሜዋ እኔን የመታችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ክሩን በምላሷ አርጥባ፣ ሁለት ጊዜ አሾልካ፣ ዓይኔን እያየች ሳበችው። አንዴ ሳይሆን ሦስት ቦታ ቋጠረች። እኔ ጉንጬን ይዤ ጎተራው ኋላ ሄጄ ዘንጉን በእርግጫ መታሁት፤ የተጎዳው ጣቴ ነው።

በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን ዘንጉ ቆመ። ዓሣው ወጣ፣ ነፋስ ገባበት፣ ሰፈሩ በሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ "ወይ ዓሣ!" አለ። እውነትም ዓሣ ነበር፣ ምን ልዋሽ። ጌንጂሮ ፊቱ በሩዝ መጠጡ፣ በሳኬ ቀልቶ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ቂጣ እየዞረ ያድላል።

"እትዬ ሃትሱኖ፣ እጅሽ ይባረክ!" አላት።

"እጇማ እጅ ነው" አለች አያቴ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። "ሆዷ እንደ እጇ ቢሆን ኖሮ!"

ሳቁ። አቶ ሞሪዋኪ ሳቀ፣ የጌንጂሮ ሚስት አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። አባቴም ፈገግ አለ፤ አየሁት። ወይዘሮ ኩሜ ብቻ ጽዋዋን አስቀምጣ ተነሳች። እናቴ ወደ ጓሮ ሄዳ ሩዝ ማጠብ ጀመረች፤ የታጠበውን ሩዝ ደግማ ደጋግማ ስታጥብ አገኘኋት። እጇ በውሃው ብርድ ቀልቷል፣ ጥርሷን ነክሳለች። ያኔ ነው እሺ ያለችው ሁሉ የት እንደሚጠራቀም የገባኝ።

አያቴ የሞተችው በተከታዩ ክረምት፣ በአንደኛው ወር ነው። ሳንባዋን አሟት ሦስት ቀን ተኛች። እናቴ ገንፎውን በማንኪያ አጎረሰቻት፣ ከሥሯ አጸዳችላት። በሦስተኛው ቀን አያቴ ልጆቿን አስጠርታ "ዘንጉን አደራ፤ በአምስተኛው ወር የኢሳሙ ዓሣ ይሰቀል፤ እኔ ባላየውም አይቆጨኝም፣ አንዴ አይቼዋለሁ" አለች። ለእናቴ አንዲት ቃል አልተወችም። ገንፎውን እንኳ ሞቀ ቀዘቀዘ አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ስድስት ሴቶች በኋለኛው ክፍል ተሰበሰቡ። ነጩን ጨርቅ በእጅ ቀደዱት። እኔ መርፌ ውስጥ ክር አስገባ ነበር፣ ስለዚህ ሁሉንም አይቻለሁ። ምራት ናትና አንገትጌው ለእናቴ ተሰጣት። ሰፋች፣ ሰፋች፣ ጫፉ ላይ ስትደርስ ክሩን ወደ ምላሷ ወሰደች። ሁለት ጊዜ አሾለከችው። ሳበችው፣ እጥፋቱ ውስጥም ቀበረችው።

ወይዘሮ ኩሜ መርፌዋ ከእጇ ወደቀ።

"እትዬ ሃትሱኖ! ምን አደረግሽ? ቋጠርሽ እኮ!"

"ውይ!" አለች እናቴ። "እጄ ነው። ስንት ዓመት ዓሣ ሲሰፋ ኖሮ ልማድ ሆኖበት።"

"ፍቺዋ ታዲያ!"

"የእኔ ቋጠሮ አይፈታም፤ ታውቂያለሽ።"

"ይቆረጥ!"

"በምን? እዚህ ቤት መቀስ አይገባም።"

ወይዘሮ ኩሜ እናቴን ረጅም ጊዜ አየቻት። በሰፈሩ ውስጥ እናቴ ከዚያ በፊት አምስት መግነዝ ሰፍታለች፤ የኩሜን የራሷን እናት መግነዝ ጭምር፤ እጇ አንድም ቀን አልተሳሳተም። ኩሜ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ መርፌዋን አነሳችና "እጅ ነው፣ ምን ይደረጋል" አለች። ሌሎቹም ስፌታቸውን ቀጠሉ። እኔ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ፤ ፈርቼም ነበር፣ ደስ ብሎኝም ነበር።

አርባ ዘጠኝ ቀን ሟች ከጣራው አይርቅም ይባላል። በአርባ ዘጠነኛው ቀን መነኩሴው መጥቶ ጸለየ፤ ደወሉን መትቶ "እንግዲህ መንገዷን ይዛለች" አለ። እናቴ ግንባሯ ሰሌኑን እስኪነካ ሰገደች። ከዚያ በኋላም በየማለዳው በቤታችን የሙታን መሠዊያ፣ በአያቴ ፎቶግራፍ ፊት ትኩስ ሩዝ እያቀረበች እጇን ታጋጥም ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ግን ከዚያ ጸሎት የበለጠ ከልብ የሆነ አላየሁም።

በአራተኛው ወር መጨረሻ ጌንጂሮ ጥቁሩን ዓሣ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ።

"ጋሼ፣ ነገ ጉድጓዱን እንቆፍር?" አለው አባቴን።

አባቴ "እሺ" ለማለት አፉን ሲያሟሽ እናቴ ከኩሽና ወጣች። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

"አይሰቀልም" አለች።

ጌንጂሮ የተቀለደ መስሎት ሳቀ። "ምኑ ነው የማይሰቀለው?"

"የኢሳሙ ዓሣ። እዚህ አይሰቀልም። የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ክፉ አልመኝለትም፣ ሦስት ቦታ ቋጥሬለታለሁ። ግቢ አለህ፤ ለልጅህ ዘንግ ቁረጥለት።"

"የእማማ አደራ እኮ ነው!"

"እማማ ከፈለገች ራሷ ትምጣና ትስቀለው።"

"ሰውዬ፣ ሚስትህ አበደች!" አለ ወደ አባቴ ዞሮ። እናቴ ተነሥታ ከቁም ሣጥኑ ሥር አንድ ጥቅል አወጣችና ሰሌኑ ላይ ዘረጋችው። ሦስት ቀያይ ዓሦች። ክረምቱን ሙሉ የሰው ሥራ እየሠራች መስላን ስትሰፋቸው የከረመችው እነሱን ኖሯል። በእያንዳንዱ አፍ ውስጥ፣ እጥፋቱ ላይ፣ ስማችን በነጭ ክር ተጠልፏል። ሦስተኛው ላይ "ቶሜ" ይላል።

"ለሴት ልጅ ዓሣ?" አለ ጌንጂሮ። "ከተማው ይስቅባችኋል!"

"እስካሁንስ ሲያለቅስልን ነበር?" አለች እናቴ። ከዚያ አባቴን አየችው። እስከዚያ ቀን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ጎረቤት ሰማ። "የኖቡዬ አባት! አንድ ቀን እንኳ አፍህን ክፈት! ስንት ሺህ አፍ በእጄ ተከፍቷል፤ ያንተ ብቻ አቃተኝ!"

አባቴ ተነሣ። ጫማውን አድርጎ ወደ እርሻው ሄደ። ጌንጂሮ ዓሣውን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ እየተሳደበ ወጣ። እኔ አባቴን ያን ቀን በሆዴ ቀበርኩት።

በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጉድጓዱን ቆፍረን አራት ሴቶች ያን የጽድ ዘንግ ልናቆም ተነሣን። የዋህ ነን። ከመሬት እስከ ጉልበታችን ከፍታ ካነሣነው በኋላ መልሶ ጣለን። ኪዮ እጇ ተላጠ፣ ኖቡዬ አለቀሰች። እናቴ አላለቀሰችም፤ ገመዱን ወገቧ ላይ ጠምጥማ "እንደገና" አለች። በዚህ ጊዜ በአጥሩ በኩል ወይዘሮ ኩሜ ብቅ አለች፤ የራሷን ገመድ ትከሻዋ ላይ አድርጋለች። ከኋላዋ የአያቴን መግነዝ አብረው የሰፉት አራቱ ሴቶች አሉ። ማንም ለምን መጣችሁ አላለም።

"ወገባችሁን እሰሩ!" አለች ኩሜ። "አንድ፣ ሁለት፣ ይቁም! አንድ፣ ሁለት፣ ይቁም!"

ስሜን የተጠራሁ መስሎኝ ዞርኩ። "ይቁም" ማለት ሁለት ነገር መሆኑ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ዘንጉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ መዝመም ጀመረ። ገመዱ እጃችንን እየበላ ይንሸራተታል። ቀና ስል አባቴ ከወንዙ ዳር ወደ እኛ ሲሮጥ አየሁት፤ ጫማው አንድ ብቻ ነው። ሥሩ ላይ ተንበርክኮ ዘንጉን በሁለት ክንዱ አቀፈውና ወደ ጉድጓዱ ገፋው። ዘንጉ ዱብ ብሎ ቆመ። አባቴ እያለከለከ ወደ እኛ ዞረ።

"ድንጋይ አምጡ" አለ።

ሌላ ቃል አልተናገረም። ይቅር አልኩት ማለት አይደለም። ግን ድንጋዩን አመጣሁለት፤ እሱም ሥሩን አጠበቀ።

ሦስቱ ቀያይ ዓሦች በገመዱ ወጡ። መጀመሪያ ተንጠለጠሉ፤ በአጥሩ ላይ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዚያ ነፋሱ ከወንዙ መጣ። አፋቸው ተከፈተ፣ ሆዳቸው ተነፋ፣ ሦስቱም ባንዴ ጅራታቸውን አወናጨፉ። የሳቀው ሰው አንገቱን ቀና አደረገ። "ይቁም" የተባልኩት እኔ ሰማይ ላይ ስዋኝ አየሁ፤ ትንሿ እኔ ነኝ፣ ከሁሉም ይልቅ የምትወራጨውም እኔ ነኝ። ኩሜ የሩዝ ቂጣውን ማደል ጀመረች።

እናቴን ፈለግኳት፤ ግቢው ውስጥ የለችም። ቤት ገባሁ። በግቢው በኩል ያለውን ተንሸራታች በር እስከ ጥግ ከፍታዋለች። የሙታኑን መሠዊያ መዝጊያዎች ከፍታ፣ የአያቴን ፎቶግራፍ ከውስጥ አውጥታ፣ ወደ ደጅ አዙራ አስቀምጣዋለች። ከፊት ለፊቱ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ተንበርክካለች።

"እማ፣ አያቴ እኮ ሄዳለች" አልኳት። "መነኩሴው ሄዳለች ብሏል።"

"የት ትሄዳለች?" አለች ሳትዞር። "ቋጥሬያታለሁ።"

ከዚያ የፎቶግራፉን መስታወት በሽርጧ ጫፍ ወልውላ ትንሽ ወደ ግራ፣ ዘንጉ ወደሚታይበት አቀናችው።

"እማማ" አለች፣ "ይቁጠሯቸው። ሦስት ናቸው።"